ቀይ ቀሚስ የለበሰችው የካርቶን አሻንጉሊት

አሮጊቷ ክርና ቁልፍ ገዝተው ሲመለሱ ባላቸውን፣ የዓይን ሐኪሙን፣ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው አገኟቸው። እንቅልፍ የጣላቸው መስሏቸው፣ «አንገትህ ይቀጭና ማታ አንገቴን እሺልኝ ስትለኝ ልታመሽ ነው!» ብለው ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ነበር።

አስከሬኑን የመረመረው ሰው ነገሩን ባጭሩ ጨረሰው። ሟቹ ተገፍተው ማጅራታቸው ከብረት ቁም ሣጥኑ ማዕዘን ጋር ተጋጭቷል። ከወደቁበት አንስቶ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው ሌላ ሰው ነው።

መርማሪዋ ቀጭን ሴት ናት፤ ቀዳዳ ካገኘች ስለምትገባ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ክፍሉን በዓይኗ ዳበሰችው። ሐኪሙ ጡረታ የወጡት በግማሽ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጠዋት ክሊኒክ ገብተው ዓይን ያያሉ፣ የቀረው ዕድሜያቸው በሰፈሩ አዳራሽ ለሚያዘጋጁት ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የጫማ ካርቶን የሚያህል መድረክ ቆሟል፤ በላዩ አውራ ጣት የሚያካክሉ የካርቶን ዘፋኞች ተደርድረዋል። መሐል ላይ ቢጫ ባርኔጣ ያደረገው፣ ከመጋረጃው ሥር ቀይ ቀሚስ የለበሰችው። በቀይዋ ላይ ቀለሙ ተፋፍቋል።

«ይቺን መቼ ነው የቀቧት?»

«እኔ ስወጣ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እየቀባት ነበር። የልጅ ልጃችን ናት» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ የመርማሪዋን እጅ ለቀም አደረጉ። «ልጄ፣ እሷን አትንኩብኝ። ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም።»

መፍራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎረቤት እሳቸው ከወጡ በኋላ የልጅቷን ጩኸት ሰምቷል፦ «አልዘፍንም! ይቅርብኝ አልኩህ!» ከዚያ በሩን አላግታ ወጥታለች። የመርማሪዋም አለቃ በስልክ፣ «እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ሰው ካላገኘሽ ልጅቷን ይዘሻት ነይ» ብሏታል።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሹራቧን እጅጌ ጣቶቿ ላይ ስባ ተቀምጣለች።

«አያትሽ ላይ ለምን ጮኽሽ?»

«ብናገር የሚያዝን ሰው አለ።»

«ዝም ብትዪ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ አቀረቀረች። አይ ልጅነት! ለሰው ስትሳሳ ለራሷ መሳሳት ረሳች።

ቀጥሎ የገባው ዘፋኙ ነው፤ «ወርቅ ጉሮሮ» ይሉታል፣ ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው ይባላል። በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል።

«ቀንተሃል አሉ?»

«አዎ ቀንቻለሁ! ምነው አልቀና? ስንት ዓመት መሐል የቆምኩትን ሰውዬ ሐሙስ ዕለት በልምምድ ላይ ከመጋረጃው ጋር አጣበቀኝ! መሐሉን ለዚያች ጫጩት ሰጣት። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው፤ እስካሁን ያስለኛል፣ ስሚ» ብሎ ሳለላት። «ግን እህቴ፣ ሰውዬውን ብገድለው ማን ወደ መሐል ይመልሰኛል?»

አሮጊቷም አልደበቁም። «ሐሙስ ቀሚስ ልለካ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የልጅ ልጄ መሐል ቆማ። ቅናት ካልሽማ እኔም አለብኝ። በሴት ቢሆን ፀጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር፤ በካርቶን እንዴት ይቀናል? ሠላሳ ዓመት ቀናሁ።»

የመጨረሻው ፒያኖ ተጫዋቹ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ዜማውን የሠራ፣ የቤቱ ሰው። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፏል።

«ዛሬ እዚህ መጥተህ ነበር?»

«የመጣሁት መርዶውን ሰምቼ ነው።»

«ሐሙስ ምን አዲስ ነገር ነበር?»

«ምንም። ፒያኖው ከመድረኩ በታች ነው፣ ፊቴ ወደ ግድግዳ። እጄንና ኖታዬን እንጂ ሌላ አላይም።»

መርማሪዋ ወደ ሥራው ክፍል ተመልሳ መሳቢያውን ከፈተች። በልጅቷ እጅ የተጻፈ አዲስ ዜማ አገኘች፤ ራስጌው ላይ ሐኪሙ «የመጨረሻው ዘፈን ይህ ይሁን» ብለውበታል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ትንሿን መድረክ አምጥታ ከቤቱ ፒያኖ አጠገብ አስቀመጠች።

«ሐኪሙ ሲወድቁ ይህን ይዘው ወድቀዋል፤ አንዱ ጥግ ተጨፍልቋል» አለች። «ገዳዩ ግብግቡ እንዳይታወቅ አሻንጉሊቶቹን ለቅሞ በቦታቸው መለሰ። እስቲ እዩአቸው፣ ልክ ናቸው?»

ወርቅ ጉሮሮ አንገቱን አሰገገ። «ኧረ ቢጫ ባርኔጣው እኔ ነኝ፣ መሐል ነኝ! ይኼ የድሮው ነው!»

«አዎ፣ ከሐሙስ በፊት የነበረው። አንተ ሐሙስ መጋረጃው ሥር ቆመህ አስሎሃል። ልጅቷ መሐል ቆማለች። እማማ አይተዋል። አዲሱን ቦታ ያላየ አንድ ሰው ነው፤ ጀርባውን ለመድረኩ የሰጠ።»

ፒያኖ ተጫዋቹ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እህቴ፣ በካርቶን ሰው ይከሰሳል እንዴ?»

«አይከሰስም። የመጨረሻውን ዘፈን ተጫወትልን።»

«በቃሌ ልጫወተው።»

«ከኖታህ ላይ።»

ቦርሳውን አልከፈተም። እሷ ከፈተችው። በመጨረሻው ገጽ ዳር ማን የት እንደሚቆም በእርሳስ ጽፏል፣ እንደ ድሮው። ከጽሑፉ ጎን ቀይ የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

«ቀዩን ቀለም ሐኪሙ የቀቡት ዛሬ ጠዋት ነው። ቦታቸው ቢጠፋህ ኖታህን ገልጠህ አየህ፤ እጅህ ላይ እርጥብ ቀለም ነበር። በኋላ እጅህን ታጠብክ፣ ወረቀቱን ግን ማጠብ አይቻልም።»

ሰውየው እጆቹን ቁልቁል አያቸው።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ‹የልጅቷ ዜማ ከአንተ ይበልጣል፣ የመጨረሻው የእሷ ይሁን› አለኝ። እየሳቀ! የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ! እኔ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ሳይ ኖሬ...»

ልጅቷ ተነሣች። «ጋሼ፣ እኔኮ የጮኽኩት ለአንተ ነው። አያቴን ‹የጋሼን ዘፈን አትንካበት፣ የኔ ይቅርብኝ፣ አልዘፍንም› ነው ያልኩት። እንዳትሰማና እንዳታዝን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»



አሮጊቷ ወደ ፒያኖ ተጫዋቹ ተጠጉ። «ባሌን በንዴት ገፋኸው። ይሁን፣ ንዴት ዕውር ነው። ግን ከጠዋት ጀምሮ ልጄን ሊወስዷት ነው ሲሉ ጎኔ ተቀምጠህ አጽናናኸኝ፤ ውኃ አቀረብክልኝ። ያ ንዴት አልነበረም።»

ወሰዱት። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ልጅቷ ቤቷ ውስጥ ነበረች።

አሮጊቷ ቢጫውን ባርኔጣ ከመጋረጃው ሥር አደረጉት፣ ቀይዋን አንስተው መሐል አቆሟት። ጣታቸውን አዩት፤ ቀለሙ ደርቋል።

«በይ መጀመሪያ ቁርስሽን ብዪ» አሉ። «ከዚያ ዜማሽን አሰሚኝ። በዚህኛው አልቀናም።»