ወጣች

ዛሬ በሣር የለመለመው ያ የኳስ ሜዳ ድሮ የገና መጫወቻ ነበር። ጥልያን ደብረ ማርቆስ በገባ ጊዜ ከተማውን በእሾህ ሽቦ አጠረና ሜዳውን ከአጥሩ ሥር አስደለደለው። ደልዳዮቹ ከየመንገዱ የታፈሱ ናቸው። የቅኔ ተማሪው አንሙትም ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ነበር የተያዘው።

ሜዳው ሲያልቅ ኳስ አምጪ አደረጉት። ኳሷ ሽቦውን ዘላ ወደ ወንዙ ስትወርድ ተመልካቹ «ወጣች!» ይላል፤ ዘበኛው ደምለው በሩን ይከፍታል፤ አንሙት ጋቢውን ተከናንቦ ይወርዳል። ከታች አገሩ ሁሉ ተዘርግቶ ይታየዋል። ግን ቢጠፋ አብረውት የታሰሩት ይገረፋሉ። ደግሞም የብርጓል ከሽቦው ውስጥ ናት።

የብርጓል ለጥልያን ያደሩት የቀኛዝማች ውበቱ ልጅ ናት። የተያዩት ለደልዳዮቹ ውሃ ስታቀርብ ነው። በእፍኙ ስትቀዳለት፣ ውሃው በክንዱ እስኪወርድ ድረስ መጠጣቱን ረስቶ አያት።

«አንተ ደብተራ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቅኔ ዘርፈህ ኳስ ለቃሚ ሆንክ?» አለችው በኋላ።

«ኳሷም ቅኔ ናት።»

«ሰሟ ምንድን ነው?»

«ቆዳ።»

«ወርቋስ?»

በአፉ ፋንታ ዓይኑ መለሰላት።

አንድ ቀን እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ ቀረች።

«አባባ ለአስተርጓሚው ሰጡኝ። ሠርጉ ሐሙስ ነው።»

«እምቢ በያ!»

«እምቢ ብዬ የት እገባለሁ? ዞር ባልኩበት ሁሉ ሽቦ ነው።»

አንሙት በሩን ሲያይ ቆየ።

«እሑድ ኳሷ ስትወጣ ጋቢዬን ተከናንበሽ ውጪ። ደምለው የሚያውቀው ጋቢውን እንጂ ፊቴን አይደለም። ይጁቤ ድረስ ሄደሽ አክስትሽ ቤት ግቢ።»

«አንተስ?»

«እኔማ እዚሁ ነኝ። ማን ጠፋ ሊሉ ነው?»

«ኳሷ ናታ! ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት።»

«ስለ ኳስ ቢገርፉኝ እችለዋለሁ። አንቺ ብቻ እንዳትመለሺ።»

እሑድ ሜዳው ጢም አለ። አንሙት አካፋ ከሚቀመጥበት ጎጆ ጀርባ ጋቢውን አለበሳት። እጁ ከትከሻዋ ላይ አልነሣ አለው፤ እሷም አላስነሣችውም።

ኳሷ ሽቦውን ዘለለች።

«ወጣች!» አለ ሕዝቡ።

በሩ ተከፈተ። ባለ ጋቢዋ ቁልቁል ወርዳ ተሰወረች። «ወጣች» አለ አንሙትም ለራሱ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ቅኔ ዘርፎ አያውቅም።

«ምን ይጎተታል ይሄ ተማሪ!» ደምለው ተቁነጠነጠ።

ድንገት ሕዝቡ ጮኸ፤ «ተመለሰች!»

አንሙት ከጎጆው ጥግ አንገቱን አሰገገ። ከድንጋጤው ሥር ደስታ ብቅ ሲልበት በራሱ አፈረ።

የተመለሰችው ግን ኳሷ ናት። ከወዲያ ማዶ ተወርውራ፣ ውሃ እየተንጠባጠበባት እግሩ ሥር አረፈች። የብርጓል እሱ እንዳይገረፍ ብላ ከመሸሽ ዘግይታለች። አንሙት ኳሷን አንሥቶ ከጎጆው ጀርባ ብቅ አለ።

«መቼ ገባህ አንተ?» አለ ደምለው አፍጥጦ።

«አሁን ነዋ! ጋሼ ደምለው፣ ኳስ ኳሷን ሲያዩ መቼ አዩኝ!»

ሲመሽ የብርጓል ተፈልጋ ታጣች። አንሙትን የጠረጠረው የለም። እሱን ግን ከዚያ ወዲያ ሽቦው ጠበበው። ለጠየቀው ሁሉ «ጋቢዬን ወንዝ ወሰደው» እያለ ያለ ጋቢ ክረምቱን ተንቀጠቀጠ፤ ብርድ በተሰማው ቁጥር «እሷን ሞቋታል» እያለ ይጽናናል።

ጥልያን ለቆ ሄደ። ሽቦው ተነቅሎ ተጠቀለለ፤ ሰው ሁሉ ወደየአገሩ ሲበተን አንሙት በሩ ከነበረበት ቆሞ ቀረ። ይጁቤ ሄዶ «አግብታለች» እንዳይሉት ፈራ። እግሩም ከዚያ መስመር አልፎ መሄድን ረስቷል።

«አንሙት! ተመለሰች!» ሲል አበረ የሚባል አብሮት ሲደለድል የነበረ ሰው ተጣራ።

«ኳስ የታለና?» አለ ዞር ሳይል።

«ማን ኳስ አለህ!»

ዞረ። ከወንዙ በኩል ጋቢው አቀበቱን እየወጣ ነው። የብርጓል በሩ ከነበረበት ወዲያ ቆመች፤ እያለከለከች።

«ብርዱ አልገደለህም?»

አንሙት እስከ መስመሩ ድረስ ቀርቦ ቆመ።

«ና ውጣ እንጂ፤ በሩ እኮ የለም!»

አንሙት ወጣ።