የተዳፈነው ማንደጃ

አባ አይቸው አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ያንቀላፉ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። እግርጌያቸው አመድ የሞላ ማንደጃ ተቀምጧል። ግድግዳው አዲስ ተለስኗል፤ መስኮቱ ዙሪያውን በማጣበቂያ ታሽጓል። ቅዳሜ ሲመሽ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ ወዳለችው የድንጋይ ቤት የተጠራችው መርማሪ አዝመራ፣ ክፍሉን ቃኝታ አመዱን በጣቷ ዳሰሰችው።

ሐኪሙ የገደላቸው ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ነው አለ። ጎረቤት ደግሞ ፍርዱን ለመስጠት ሐኪም አላስፈለገውም። ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጡት እኒህ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ሰንበት ከገባ እሳት ነክተው አያውቁም፤ በመጨረሻ ግን ብርዱ አሸንፏቸው፣ ልጃቸው ዓርብ አጥፍቼዋለሁ ያለውን ከሰል እንደገና ለኮሱት ተባለ።

ባለቤታቸው እማማ ማሚቱ ቀብሩ ላይ እንባ አልወጣቸውም። አዝመራ ለቅሶ ቤት ስትመጣ ዓይናቸው ከተለሰነው ግድግዳ ላይ ተተክሏል።

«ጀምበር ስትጠልቅ ያን ግድግዳ ሲዳብሰው እሰማዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ሰንበት ሽሮ የሞተ ሰው አያርፍም መሰለኝ። እኔ ያን ቀን መቫሰረት ከተማ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ነበርኩ።»

አዝመራ ግድግዳውን ወደለሰነው ልጃቸው ወደ ያይር ዞረች።

«ልስኑ እንዲደርቅ ብዬ ዓርብ ከሰል አነደድኩ» አለ። «ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቱን አሸግሁ። ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሳይገባ ግን ውሃ አፍስሼ አጠፋሁት። ዜሁ! በቃ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ማንደጃውን ያዋሱት የጎረቤቱ ገዳም መነኩሲት እማሆይ ወለተ ኤዎስጣቴዎስ ነበሩ።

«እማሆይ፣ መቼ ወሰደው?»

«ዓርብ ረፋድ። ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ደግሞ ተመልሶ አመድ ስጡኝ አለ። በቆርቆሮ ሞልቼ ሰጠሁት።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አዝመራ እማሆይን ይዛ ተመለሰችና ሦስቱንም የሟቹ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ውሃ የፈሰሰበት ከሰል ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ አመዱም ይጋገራል» አለች። «እዚህ ያገኘሁት ግን እንደ ዱቄት የላመ ደረቅ አመድ ነው፤ አንዲት ጥቁር ከሰል የለችበትም። ስለዚህ ውሃ አልነካውም። ያልጠፋ እሳት ደግሞ እንደገና አይለኮስም። ያይር፣ እንፋሎቱ ልስኑን እንዳያረጥብብህ ፈርተህ ውሃውን ተውከው። ከእማሆይ የለመንከውን አመድ ከላይ ነሰነስክበት።»

ያይር ማንደጃውን አየ። «ጎንደር ሳለን፣ ልጅ ሆኜ፣ እማዬ እንደዚያ ስታደርግ አይ ነበር። ስታጠፋው መስሎኝ...»

«ሳጠፋው?» አሉ እማማ ማሚቱ። «እኔ የማዳፍነው እሳቱ እንዲያድር ነው!»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?» አለች አዝመራ።

«ፈራሁ። እኔ ገደልኩት ብዬ እንዴት ልናገር?»

«እኛ ግን እሱ ለኮሰው ስንል ዝም አልክ» አሉ እናቱ። «አባትህ ሊተኛ ሲገባ እዚህ ነበርክ?»

«ነበርኩ። ‹እሳቱ ጠፍቷል?› አለኝ። ‹ጠፍቷል አባባ፣ ተኛ› አልኩት።»

እማማ ማሚቱ ዓይናቸውን ከግድግዳው ወደ አልጋው መለሱ።

«ሰንበትን አልሻረም» አሉ። «አንተን አምኖ ነው የተኛው።»

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ወረደ፤ የባላቸውን ስም እየጠሩ ሙሾ አወረዱ። ያይር እግራቸው ሥር ተደፋ። እጃቸውን ግን ራሱ ላይ አላሳረፉለትም።