የአባ ኅሩይ ሙልሙል

ጠጋ ጠጋ በሉ። ከወዲያ ያላችሁትም ኑ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው ነገር አይደለም።

ጨለማውን ፈርታችሁ ነው እንዲህ የተቃቀፋችሁት? አይ እናንተ! የዛሬው ታሪኬ የጨለማ አይደለም። የቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ሲገባ፣ ወፍ እንኳ ጭጭ ሲል፣ ያን ሰዓት ታውቁታላችሁ? እናቶቻችሁ በቀትር ብቻችሁን አትሂዱ የሚሏችሁ ለምን ይመስላችኋል? ፀሐይ እንዳትመታችሁ? እሱንማ ባርኔጣ ይመልሰዋል።

ድሮ ነው። በአንድ አገር አንድ ገዳም ነበረ። በገዳሙ ግንብ ውስጥ አንድ መነኩሴ ራሳቸውን ዘግተው ይኖሩ ነበር፤ አባ ኅሩይ ይባላሉ። በር የላቸውም፤ በሩን በድንጋይ አስደፍነውታል። ያለቻቸው እጅ የምታሾልክ አንዲት ቀዳዳ ናት። እስኪሞቱም ላይናገሩ ለአምላካቸው ቃል ገብተዋል። ታዲያ ምን ይበላሉ? ቢያድግልኝ የሚባል የገዳሙ አገልጋይ አለ። በየቀኑ በቀትር አንድ ሙልሙል ዳቦና አንድ ቅል ውኃ ይዞ ይሄዳል። ግንቡን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ዳቦውን ያቀብላል። አባ ኅሩይ አንድ ጊዜ መልሰው ያንኳኳሉ። ደረሰኝ ማለታቸው ነው።

ክፉ ቀን መጣ። ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ። ቢያድግልኝ መንገድ ላይ ከሙልሙሉ ቆረስ አደረገ። በማግስቱ ግማሹን በላ። በሦስተኛው ቀን ጨረሰው። ውኃውን ብቻ በቀዳዳዋ አቀበለና ሄደ። አባ ኅሩይ አንኳኩ። እንደ ልማዳቸው አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግመው፣ ደጋግመው አንኳኩ። ይጮኹ ይሆን? አይጮኹም፤ ቃል ገብተዋላ! ቢያድግልኝም ይህን ያውቃል። ከዚያም ወዲያ በየቀኑ እየበላው፣ አበምኔቱ "አባታችን ተቀበሉ?" ሲሉት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ተቀብለዋል" ይላል።

አንድ ቀን ግንቡ ዝም አለ። በጾም ብዛት ዐረፉ ተባለ። ገዳሙ አለቀሰ፤ ቀዳዳዋም ተደፍና ግንቡ መቃብራቸው ሆነ። ለታማኙ አገልጋይ ደግሞ መሬት ተሰጠው። ሰማችሁ? መሬት! እኔ ይሄ ነገር በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዓመታት አለፉ። መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ጣራው ወደቀ። ከተማው ፍርስራሹን መናፈሻ አደረገው። በግንቦቹ መካከል ጽጌረዳ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ በበዓል ቀን ሰው ይጎርፍ ጀመር። ቢያድግልኝ ብቻ ድርሽ አይልም። እሱ አሁን ባለጸጋ ሆኗል፣ የተከበረ ሽማግሌ ሆኗል፤ አገሩ "የአባ ኅሩይ መጋቢ" እያለ ጉልበቱን ይስማል።

አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ልትዳር ሳምንት ሲቀራት መጣችና፣

"አባባ፣ ሳልሄድ መናፈሻውን አብረን እንየው። እርስዎ አባ ኅሩይን የመገቡበትን ቦታ በዓይኔ ልየው" አለችው።

ምን ብሎ እምቢ ይበል? "እሺ፤ በጠዋት ሄደን በጠዋት እንመለሳለን" አላት።

በጠዋት ሄዱ። ሰው ግን መች ያሳልፈዋል! አንዱ ጉልበት ይስማል፣ አንዱ ስለ አባ ኅሩይ ይጠይቃል። ሲያወራ፣ ሲመርቅ ሰዓቱ ነጎደ። ዞር ቢል ሰው የለም። ሁሉም ቀትርን ሸሽቶ ወጥቷል። አንጓች ከአሮጌው ግንብ ሥር ነጠላዋን አንጥፋ አገልግሉን ፈትታለች።

"ተነሽ፣ እንሂድ!"

"ምን አስቸኮልዎት? ቀመስ አድርገን እንሄዳለን።"

ያን ጊዜ ግንቡ ተንኳኳ። አንድ ጊዜ።

"አባባ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?"

"አይጥ ነው" አለ።

ጉርሻ አነሳ። ተንኳኳ። ጉርሻው ከእጁ ወደቀ። ሌላ አነሳ። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ተንኳኳ። የተደፈነችው ቀዳዳ ጭቃዋ ረገፍ፣ ረገፍ አለ። ተከፈተች። ምን ወጣ? ጣት። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ከዚያ መዳፍ፤ ሥጋ የሌለው፣ የደረቀ፣ ወደ ላይ የተዘረጋ መዳፍ!

"እግዚኦ!" አለች አንጓች።

ቢያድግልኝ እንጀራ ጠቅልሎ መዳፉ ላይ አደረገ። ጣለው። ሥጋ አደረገ። ጣለው። የወርቅ ቀለበቱን አውልቆ አስቀመጠ። እሱንም ጣለው። አንጓች አባቷን አየችው፣ መዳፉን አየችው። ገባት።

"አባባ፣ ዳቦውን ሰጥተዋቸው ነበር?"

ቢያድግልኝ የወደቀውን ቀለበት ሊያነሳ አጎነበሰ።

"እውነቱን ይናገሩ። ከእኔ በቀር የሚሰማ የለም። ይናገሩና አብረን ይቅርታ እንለምናቸው።"

እዩት እንግዲህ! አንዲት ቃል ናት። በላሁት ቢል ይድናል። መዳፉ እንኳ እንደተዘረጋ ጠበቀው። ቢያድግልኝ ግን የልጁን ዓይን አየ። በዚያ ዓይን ፊት ሌባ ከመሆን ሞቱን መረጠ። ደረቱን ነፋ።

"በየቀኑ ሰጥቻለሁ!" አለ።

ያን ሁሉ ዘመን ያልተናገረ አፍ ከግንቡ ውስጥ ተናገረ።

"አልሰጠኝም!"

ያዘው! ክንዱን ያዘው! እጅ ብቻ በምታሾልክ ቀዳዳ እስከ ትከሻው ገባ። አንጓች እግሩን ይዛ ጎተተች፤ ግንቡም ጎተተ። አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማች። ግንቡ በረታ። ጫማው እጇ ላይ ቀረ፤ ቀዳዳዋም ድንጋይ ሆነች።

አገሩ ተጠራርቶ መጣ። በመቆፈሪያ ቢሉ፣ በመዶሻ ቢሉ፣ ብረቱ ይሰበራል እንጂ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ከውስጥ የቢያድግልኝ ድምፅ ይሰማል። ሁሉም ሰማው።

"በላሁት! ልጄ፣ እኔ ነኝ የበላሁት!"

አሁን ምን ያደርጋል? አንጓች ዳቦ ይዛ ግንቡን ስትዳብስ ሰነበተች። የምታቀብልበት ቀዳዳ የለም። ድምፁ ቀን በቀን እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

እኔ ጨረስኩ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም፤ ዛሬ ዳቦ በጉሮሮዬ አይወርድም። ለሰው አድርስ ተብሎ የተሰጠውን የቀመሰ ከመካከላችሁ ካለ ግን፣ ሳይነጋ ይናገር። በቀትርም በዚያ ግንብ በኩል ማንም ብቻውን አይለፍ።