የኋላ ወንበሮች ዝምታ

«እናንተ ሦስታችሁ ስትጫወቱ እኛ አሥራ ሁለታችን እንደ ድንጋይ ተቀምጠን ነው የምንጠብቀው! ማን ተነሥቶ ባስቲያኖን ይገድለዋል?» ሲል ጋስፓሬ ከኋላው ረድፍ ጮኸ።

«የእኛን እጅ ሰው ሁሉ ያየዋል። የእናንተን ከዓምዱ ጀርባ ማን ያያል?» አለ የቼሎ ተጫዋቹ ኦታቪዮ። «ደግሞ ሥራህ ዝም ማለት ነው፤ እሱም አቃተህ።»

ከሦስቱ አንዱ፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ተጫዋች ታዴኦ አቀርቅሮ ነበር። በካርዲናሉ አዳራሽ ለነገው በዓል ሦስት መሪዎችና የቀሩት እየተፈራረቁ የሚጫወቱትን ኮንቸርቶ ግሮሶ እየተለማመዱ ነበር። ዝግ ብሎ በሚሄደው የሙዚቃው ክፍል ሦስቱ መሪዎች ብቻቸውን ሲጫወቱ፣ ኖታ እየገለበጠ የሚጽፍላቸው ባስቲያኖ በሚሠራበት ምድር ቤት ከውኃ ጉድጓዱ ጠርዝ ሥር ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። የወጥ ቤቷ ሴት ስትጮኽ ጨዋታው እዚያው ቆመ።

ጉንፋን የያዘው መርማሪ ኮርሴቲ ከምድር ቤት ወጣ።

«ጠላት ነበረው?»

«ስሕተት እንጂ ጠላት አልነበረውም» አለ ኦታቪዮ።

መርማሪው የተጨማደደ ወረቀት አሳየ። «በሟቹ እጅ ነበር። ለመጨረሻው ወንበር ተጫዋች የተጻፈ ኖታ ነው፤ ፈጣኑ ክፍል ግን እንዲቀል ተደርጓል። ማን አዘዘው?»

ታዴኦ ፊቱ ጋለ። ያዘዘው እሱ ነው፤ ለአሮጌው መምህሩ እንዲቀላቸው ብሎ። የመምህሩ የፕሮስፔሮ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ታዴኦ የእሳቸውን ወንበር ወርሶ ፊት ተቀምጧል፤ እሳቸው መጨረሻ ላይ ብቻቸውን። «ማን እንዳዘዘህ ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ባስቲያኖን ያስማለውም እሱ ነው። አሁን ግን ወረቀቱን እንዳላወቀ ሆኖ ዐይኑን መለሰ።

«አባባ ፕሮስፔሮ፣ እርስዎስ ተነሥተው ነበር?» አለ መርማሪው ወደ መጨረሻው ወንበር ዞሮ።

«በዚህ ጉልበቴ የት ልሄድ፣ ልጄ?»

ኮርሴቲ ተናፈጠ። «ማንም መቃኛውን እንዳይነካ! በየተራ አንድ ድምፅ፣ ክሩን በጣት ሳትጫኑ።»

አሥራ አራቱ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ተስማሙ። የፕሮስፔሮ ቫዮሊን ብቻ ለብቻው አለቀሰ።

«እኔን አባቴ ያሳደገኝ የበግ አንጀት እየጠመዘዘ፣ የቫዮሊን ክር እየሸጠ ነው» አለ ኮርሴቲ። «አንጀት እርጥበት ሲነካው ቅኝቱ ይለወጣል። እዚህ የከሰል ማንደጃ አለ፤ ደረቅ ነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ግን ያልበዋል። ይህ ቫዮሊን እዚያ ደርሶ መጥቷል። ጨዋታው ስለተቋረጠ እንደገና የሚቃኝበት ጊዜ አላገኘም።»

«ለመግደል ቫዮሊን ይዞ ይኬዳል እንዴ?» አለ ጋስፓሬ።

«የሄዱትማ ስለዚህ ወረቀት ለመለመን ነው። ከእናንተስ ቫዮሊኑን ወንበር ላይ ጥሎ የሚነሣ ማነው?»



ሽማግሌው እጃቸውን አዩ። «ጠዋት ነው ያየሁት» አሉ። «ለእኔ፣ ኃምሳ ዓመት ለተጫወትሁ ሰው፣ እንደ ሕፃን ምግብ አላምጦ ሰጠኝ። ሰው ሳያየው ቅደደው አልሁት። እምቢ አለ። ማን አዘዘህ ብዬ ብጠይቀው፣ ምያለሁ አልናገርም አለ። ገፋሁት፤ ለመግደል አልነበረም። እንግዲህ ማን እንደቀለደብኝ ሳላውቅ ልሞት ነው።»

ታዴኦ ከንፈሩን አላቀቀ። ኦታቪዮ አጠገቡ ነበር፤ ጋስፓሬም እያየው ነበር። መልሶ ገጠመው።

ዘቦች ሽማግሌውን በትንሹ በር ይዘዋቸው ወጡ። ወዲያው የካርዲናሉ ጸሐፊ በዓሉ እንደማይቀር አስታወቀ፤ የመጨረሻው ወንበር ማን ይሁን የሚለው ጭቅጭቅም ተነሣ።

«እኔ እዚያ ብርድ ላይ አልቀመጥም!» አለ ጋስፓሬ።

«ቅዝቃዜው ለአጨዋወትህ ይስማማል» አለ ኦታቪዮ፤ ሰዉ ሳቀ።

ታዴኦ ቫዮሊኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ሽማግሌውን ተከትሎ በትንሹ በር ወጣ።