ሦስተኛው ማስነሻ ፋይል

ከምጽፈው አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ምላሴ ተቆርጦ ሸዋ በር ላይ ይሰቀል። እኔ አሰፋ፣ የማሠልጠኛችን ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የኔትወርክ ባለሙያችን ደረጀ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አስም ነበረበት፤ የሚነፋው መድኃኒት ከውጭ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። በሩ በካርድ የሚከፈት፣ ውፍረቱ የጀጎልን ግንብ የሚያስንቅ ብረት ነው። ካርዱ እምቢ ሲል አሥር ጎረምሳ ታግሎት አቃተው፤ እኔ በአንድ ትከሻ ገነደስኩት።

ኢንስፔክተር ነፃነት መጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን ግድግዳ ይበሳል። የግቢውን በር አስቆልፋ፣ «ሳይመሽ ከእናንተ አንዱ በካቴና ይወጣል። እስከዚያ ንቅንቅ የለም» አለች። አራት ነበርን፦ እኔ፣ የደረጀ ረዳት ሊዲያ፣ ዳይሬክተሩ ኪሩቤልና የጽዳት ሠራተኛዋ አይሻ። መስኮቱ ፍርግርግ፣ ሙቀቱ አንገት የሚያንቅ!

ለየብቻ ጠየቀችን። እኔ የሁሉንም በበሩ ቀዳዳ ሰማሁ።

«በሩን የሚያዘው ስዊቹ ነው» አለች ሊዲያ፤ «ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ማሽን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማስነሻ ፋይል አንብቦ ይነሣል። ሁለት አሉን፤ ዋናውና መጠባበቂያው። ዛሬ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተነሣው ግን በማላውቀው ፋይል ነው። የበሩን መስመር ዘግቶታል፤ ካርዱ እምቢ ያለው ለዚያ ነው።»

«በዚያ ተነሣ ብሎ ያዘዘው ማን ነው?»

«በእኔ ስም ነው የታዘዘው። ግን የይለፍ ቃሌ ማሽኑ ላይ ተለጥፏል! ማንም ያየዋል።»

«መቼ ታዘዘ?»

«መብራት ሲሄድ ሰዓቱ ይዛባል፤ አይታወቅም።»

ኪሩቤል ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «እኔ ከትናንት ጀምሮ ሶፊ ወረዳ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሦስቱንም ፋይል የምትነካካው ሊዲያ ናት!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበችን።

«ስዊቹ አስቀድሞ ታዝዞ የመብራቱን መጥፋት ይጠብቅ ነበር» አለች። «ስለዚህ መብራት ሲሄድ የት እንደነበራችሁ አይጠቅመኝም። የሶፊው ሠርግም አይጠቅመኝም። ሊዲያ የምታውቀው ሁለት ፋይል ነው። ሦስተኛውን ስዊቹን የገጠመው ባለሙያ ትቶት ሄዷል። የስዊቹን ርክክብ የፈረመው ማን ነው?»

ከሺህ ዶሴ መካከል ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁላት። «አቶ ኪሩቤል!»

«አቶ ኪሩቤል፣ ሊዲያ ሁለት ስትል እርስዎ ሦስት አሉኝ። ሐሙስ ከደረጀ ጋር ስትጯጯሁ ደግሞ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

«ማወቅ መግደል ነው እንዴ?» አለ ኪሩቤል። ካቴናው ቀጭ አለ። ሊዲያ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

«ኢንስፔክተር» አለች አይሻ ቀስ ብላ። «ሦስተኛውን በተለጠፈው የሊዲያ ይለፍ ቃል ያዘዘው ደረጀ ራሱ ነው። ‹ልሞክረው ነው፤ በሩ እምቢ ስለሚል እንዳይዘጋ ድንጋይ አድርጊበት› አለኝ። አደረግኩ። መብራቱ መጥቶ ብገባ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ አስሙ ጥሎት ሞቶ አገኘሁት፤ አላህ ይማረው። ዓይኑን ከደንኩለት። እንደዚያ ወድቆ ሰው እንዳያየው ብዬ ድንጋዩን አንሥቼ ዘጋሁት። ከዚያ ፈራሁ።»

አይሻ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ጋሼ አሰፋም አልሰበሩትም፤ በመጠባበቂያ ቁልፍ ነው የተከፈተው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። አቶ ኪሩቤልን ይፍቱልኝ።»