የአረንጓዴው መኪና ፓራፋንጎ

ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል በማዘንጊያ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅራ ኖራለች፤ «ጠራጊዋ» የምትለዋ ቃል። ያወጣላት ቀለም ቀቢው ሀብቴ ነው። ሀብቴ ጣሊያን ጥሎት በሄደው መርጫ የሰው መኪና ላይ ቀለም ይተፋል። ቀለሙ እንደ ንፍጥ ይንጠባጠባል፣ እንደ ተነጨ ዶሮ ቆዳ ይጎረብጣል፣ ዝንቡንና አቧራውን ይዞ ይደርቃል። ከዚያ እሷ ትገባለች። በሳሙና ውሃና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፣ በወንፊት በተነፋ አመድ ትወለውለዋለች፣ በመጨረሻም ፀሐይ እንዳይበላው በላምባ ያለሰለሰችውን ሰም ትቀባዋለች። መኪናው እንደ መስታወት ሆኖ ሲወጣ የመቀሌ ሰው «የሀብቴ እጅ ይባረክ!» ይላል። ሀብቴም «አሜን» ይላል፤ ዐይኑን አያሽም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የጨው ነጋዴው ሀሰን በኩሓ መንገድ መታጠፊያ ላይ ጎኑ ተደቁሶ ሞቶ ተገኘ። አህያዪቱ አጠገቡ ቆማ ሣር ትነጭ ነበር። ጨው ጫኞች ከሩቅ ያዩት አንድ አረንጓዴ መኪና ሲፈረጥጥ ነው። በከተማው አረንጓዴ መኪና ያለው ነጋዴው አቶ አስናቀ ብቻ ስለሆነ ሾፌሩ ፈንታሁን ታሰረ። ያን ቀን ቤቱ ተኝቶ እንደዋለ ተናገረ እንጂ ምስክር አልነበረውም። ገመድ እንደሚጠብቀው ሁሉም አወቀ።

ሐሙስ ጠዋት የፖሊሱ የመቶ አለቃ ወልደአማኑኤል ማዘንጊያን መኪናው የቆመበት ጋራዥ ድረስ አስጠራት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን መኪና የጠረግሽው መቼ ነው?»

«ሰኞ ጨረስኩት። አልጠረግኩም ግን።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ሀብቴ ያበላሸውን አስተካከልኩ።»

የመቶ አለቃው ሳቀ። «እሱን ተይው። ሰው ደቁሶ የሄደ መኪና እንዴት ጭረት እንኳ አይገኝበትም? እኔ የቸገረኝ ይህ ነው።»

መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ምንም ያላየ ሰው ምን ይመለስለታል? ማዘንጊያ አንድ ጣሳ ውሃ አስመጣችና በመኪናው ላይ አፈሰሰችው። ውሃው እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ወረደ። ከቀኝ የፊት ጎማ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ። ጎንበስ ብላ ቦታውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«የመኪናው ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?» አለች አጠገባቸው ወደቆመው አቶ አስናቀ ዞራ።

«ሚስማሩ ላይ ነው። እኔ፣ ፈንታሁንና ሀብቴ እናውቃለን።»

«መርጫ መያዝስ የሚችል ማነው?»

«እኔ ብሩሽ እንኳ በቅጡ አልይዝ። ሀብቴ አለ። ፈንታሁንም ሾፌር ሳይሆን በፊት የሀብቴ ረዳት ነበር።»

«ይኸውላችሁ!» አለ የመቶ አለቃው። «ፈንታሁን ገጭቶ ቀባው ማለት ነው። አለቀ!»

«ገና ነው፣ የኔ ጌታ። ሁለቱንም አምጣልኝ።»

ፈንታሁን እጁ ታስሮ መጣ። ሀብቴ ኮቱን ደርቦ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው እየተንጎራደደ ገባ። የሰፈሩም ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ጋሽ ሀብቴ፣» አለች ማዘንጊያ፣ «ይህን መኪና እንዲህ ያበራው ምንድን ነው?»

«የእኔ ቀለም ነዋ! ጥሩ ቀለም ከመርጫው ሲወጣ ጀምሮ ያበራል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አቧራ ታራግፊያለሽ።»

«ከቀለምህ በላይ ምንም አልተቀባም?»

«ምን ይቀባል? ላብሽ ካልሆነ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀችና «ፈንታሁን፣ ሰኞ ምን አደረግን?» አለች።

«ሰም ቀባን እትዬ። በዚህ በኩል ያለውን እኔው ነኝ የቀባሁት።»

«ሰም ላይ ቀለም ከመረጨቱ በፊትስ?»

«በቤንዚን ይታጠባል። ያለዚያ አይዝም።»

ማዘንጊያ ጥፍሯን ከፓራፋንጎው ላይ አሳረፈችና ሳብ አደረገችው። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ የሰኞው ሰም አበራ። ወደ መሐል ስትገባ ስርጉዱን የደፈነው ነጭ ስቱኮ ብቅ አለ። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

«እዚህ ጋ ተገጭቷል፤ ተሞልቶም ተቀብቷል» አለች። «ይህ ቀለም አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥተህ ሳትጨርስ ይደርቃል፤ ስለዚህ ማንም አላወቀም። አቶ አስናቀ መርጨት አይችሉም። ፈንታሁን ይችላል፤ ነገር ግን ሰሙን በገዛ እጁ ቀብቶታል፤ እሱ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ በቤንዚን ያጥበው ነበር። የሚቀረው መርጨት የሚችል፣ ሰም መኖሩን ግን የማያውቅ ሰው ነው። ስድስት ዓመት አጠገቤ ቆሞ የምሠራውን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ያላየ ሰው።»

«ራሱ ነው የገባብኝ!» ብሎ ጮኸ ሀብቴ። «ሰው እንዲያየኝ አንድ ዙር ልነዳት ብዬ… አህያዋን ሊመልስ ዘሎ…» አፉን በእጁ ያዘ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

«ለመታየት ሰው ገደልክ፤ ለመደበቅ ደግሞ ይህን ምስኪን ልታሰቅል ነበር» አለችው። እንደ ተላጠው ቀለም አየችው።

የመቶ አለቃው ቃሏን ጽፎ አነበበላት። «ስም፦ ማዘንጊያ። ሥራ፦ ጠራጊ… በይ፣ አውራ ጣትሽን አሳርፊ፤ ፈንታሁን አሁኑኑ ይፈታል።»

ማዘንጊያ አውራ ጣቷን በጡጫዋ ውስጥ ቀበረች።

«ሰርዘው።»

«ምኑን?»

«ጠራጊ የሚለውን።»

«ዋይ! ሰው ታስሮ ቆሞ ስለ አንዲት ቃል?»

«እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር!» አለ ፈንታሁን።

«አንተ ዝም በል። እኔ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አንተ ለአንድ መስመር ጠብቅ።»

የመቶ አለቃው ላቡን ጠረገ። «እሺ አደይ፣ እናቴ፤ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?»

«የተበላሸ ቀለም የምታርም፣ የምትጠብቅም ባለሙያ በል።»

ሰረዘና ጻፈ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ የእሱንም አፍ አላመነችም። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ለፈንታሁን አሳየችው። ፈንታሁን በታሰረ እጁ ይዞ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበው። «ድገመው» አለች። ደገመው። ያኔ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው።