አንድ ድል የጎደለው ዜሮ

የኢራ ስቶፍል አስከሬን የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ በኦልድሃም ቤዝቦል ሜዳ፣ ከውጤት ሰሌዳው ሥር ነው። ሽማግሌው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ሰላሳውን ያሳለፉት እዚያ ሰሌዳ ላይ የቆርቆሮ ቁጥር ሲሰቅሉና ሲያወርዱ ነው። መርማሪ ኦርሊን ሃውገን ጎንበስ ብሎ አያቸውና ፊቱ በሃፍረት ጋለ። ትላንት ከጨዋታው በኋላ ከተማው ሁሉ ወደ መጨረሻው ዙር አለፍን ብሎ ጎዳና ወጥቶ ሲጨፍር፣ ኢራ እጅጌውን ይዘው «ሒሳቡ ተሳስቷል፤ ገና አላለፍንም» ብለውት ነበር። እሱ ግን ጠርሙስ አስጨበጣቸውና «ይጠጡ እስቲ፤ ደስታችንን አያበላሹብን» ብሎ ስቆባቸው ሄደ። አሁን ይህን ለማን ይናገር? ዋጥ አድርጎት ቁጥር ወደሚሰቀልበት መድረክ የሚያደርሰውን መሰላል ወጣ።

ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። የመድረኩ መደገፊያ ብረት እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ጠንቃቃ ሽማግሌ እንዲሁ የሚወድቅበት አይደለም። ወደ መጨረሻው ዙር ለማለፍ ስንት ድል እንደቀረ በሚታይበት ቦታ ዜሮ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ጀርባ የተረፉት ቁጥሮች ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳታደበዝዘው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተንጠልጥለዋል። ኢራ በዚህ ነገር ድርቅ ያሉ ሰው ነበሩ። አንደኛዋ ቁጥር ብቻ፣ «1»፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋለች። ኦርሊን ረጅም ጊዜ ቆሞ አያት።

የሜዳው ቁልፍ ያላቸው፣ ከሟቹ ሌላ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው። የቡድኑ ባለቤት ወይዘሮ ሌኖራ ፊች፣ አሰልጣኙ ጋስ ዶምብሮስኪ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ቨርን ታኬት። ቨርን ሃያ ዓመት ሙሉ ለማለፍ ስንት እንደቀረ በየዕለቱ እያሰላ ለከተማው ሲነግር ኖሯል፤ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ቨርን ካለ አለቀ ነው የሚባለው። ትላንት «ዜሮ፤ ኦልድሃም አልፋለች» ብሎ ያወጀውም እሱ ነው።

ኦርሊን ዛሬ ማለዳ የት ነበራችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ሦስቱም ቤቴ ተኝቼ ነበር አሉ፤ ከእንዲያ ያለ ፈንጠዝያ በኋላ ማን ይጠረጠራል። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ የዛሬ ከሰዓቱን ጨዋታ ምን እናድርገው?

ወይዘሮ ፊች እንባቸውን እየጠረጉ ይሰረዝ አሉ፤ ሰው ሞቶ ጨዋታ ምን ሊባል ነው። ጋስ ከትላንቱ መጠጥ ገና አልነቃም።

«ከልጆቼ አንድም በእግሩ የቆመ የለም» አለ። «አልፈን የለ እንዴ? ሰርዘውና ልተኛበት።»

ቨርን ግን የኦርሊንን ክንድ ጨመደደ። «እንዳይሰረዝ፣ ኦርሊን። ድዋይት ይወርውር።»

«ድዋይት? ያን የመሰለ ወርዋሪ ለማያስፈልግ ጨዋታ?»

«ለኢራ ክብር ነው» አለ ቨርን፣ አንገቱን ደፍቶ።

ኦርሊን ወደ ቢሮ ገብቶ ለሊጉ ጸሐፊ ደወለ። ለማለፍ ከኦልድሃም ጋር የምትፎካከረው ፕሬስኮት ብቻ ስለሆነች፣ ስንት ጨዋታ እንደቀራት ጠየቀ። አራት፣ አለው ጸሐፊው። ሦስት አይደለም ወይ ቢለው፣ ሰኔ ላይ በዝናብ የተቋረጠው ረቡዕ ይደገማል፣ ደብዳቤም ልከንላችኋል አለው። ኦርሊን ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱን ከሰሌዳው ሥር ሰበሰባቸው።

«እኛ ሰባ አሸንፈናል» ብሎ ጀመረ። «ፕሬስኮት ስድሳ ስድስት። ሦስት ጨዋታ ቢቀራት ኖሮ ሁሉንም ብታሸንፍ ስድሳ ዘጠኝ ነው፤ አትደርስብንም፤ ዜሮው ልክ ነበር። የቀራት ግን አራት ነው። አራቱን ካሸነፈች፣ እኛም የቀረንን ሁሉ ከተሸነፍን፣ እኩል እንሆናለን። ስለዚህ ወይ እኛ አንድ ማሸነፍ አለብን፣ ወይ እሷ አንድ መሸነፍ አለባት። ቁጥሩ አንድ ነው። አላለፍንም።»

ጋስ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትላንት ተጫዋቾቹን በመጠጥ ያጠበው እሱ ነው።

«ኢራ ጠዋት የወጡት ዜሮውን አውርደው «1»ን ሊሰቅሉ ነው። የገፋቸው ሰው ቁጥሯን ወደ ቦታዋ መለሰ፤ የኢራን ልማድ ስለማያውቅ ግን ፊቷን ወደ ውጭ አደረጋት። እንግዲህ ይህ ሰው ሒሳቡ መሳሳቱን ያውቃል፤ እንዲታይም አልፈለገም። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የዛሬው ጨዋታ እንዲሰረዝ አይፈቅድም፤ ዛሬ ካሸነፍን ስህተቱ ተሸፍኖ ይቀራላ። ወይዘሮ ፊች ይሰረዝ ብለዋል። ጋስም ሰርዘው ብሏል። ምርጡን ወርዋሪ አስገባ ብሎ የለመነኝ፣ አልፈናል ብሎ ያወጀው ሰው ራሱ ነው።»

ቨርን ለመካድ አልሞከረም።

«ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ረስቼው» አለ። «ኢራ ትላንት ሲነግሩኝ አወጣሁት። ዛሬ ግማሽ ቀን ብቻ እንዲታገሡኝ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ቁጥሯን ልቀማቸው ስታገል ገፋኋቸው።»

ወይዘሮ ፊች ፊታቸውን አዞሩ። ኦርሊን ካቴናውን ሲያጠልቅለት ቨርን ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ሰው ገደለ ብለህ ንገራቸው፣ ግድ የለም። ሒሳብ ተሳሳተ ግን አትበላቸው፣ በሞቴ።»

ኦርሊን ሊጠየፈው ፈለገ፤ አቃተው። እሱስ ከጠዋት ጀምሮ ምን ሲያደርግ ነው የዋለው? ያን ሁሉ ሲተነትን፣ ኢራ ትላንት የነገሩትን አንዲት ቃል አላነሳም። ማንም ካልጠየቀው እስከ መቃብሩ ይዟት ሊሄድ ነበር።

ቨርንን ለምክትሉ አስረክቦ ወደ ሬዲዮው ክፍል ወጣ። ከተማው ምሳውን እየበላ የቨርንን ድምፅ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ኦርሊን ሃውገን ነኝ» አለ። «አላለፍንም፤ አንድ ድል ይቀረናል። ኢራ ስቶፍል ትላንት ነግረውኝ ነበር። ስቄባቸው ሄድኩ።»